ክራንክ ሻፍት የሰበረ የሲኖትራክ ሞተር፦ ከመፍታት እስከ መጀመሪያው ዘይት ቅያሪ

ክራንክ ሻፍት (የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ ዙር የሚቀይረውን ዘንግ) ሰብሮ የተሠራ ሞተር በሁለት በሦስት ወር ውስጥ እንደገና ክራንክ ሰብሮ ሲመጣ ማየት የተለመደ ሆኗል። ባለቤቱ የወራት ገቢውን አፍስሷል፣ መካኒኩም የሚችለውን ሁሉ አድርጓል፤ መኪናው ግን ጭነቱን እንደያዘ ሚሌ መንገድ ላይ ቆሟል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአዲሱ ክራንክ አይደለም። የመጀመሪያው ለምን እንደተሰበረ ማንም ስላልጠየቀ፣ ሰባሪው ነገር እዚያው ሞተር ውስጥ እንዳለ አዲሱ ተገጠመበት።

እዚህ የምሄድበት ሞተር በሲኖትራክ ሃዎ ላይ በብዛት የምናገኘው ባለ 6 ሲሊንደር ደብሊው ዲ 615 ነው፤ 9.726 ሊትር፣ ቦሩ (የሲሊንደሩ ስፋት) 126 ሚሜ፣ ስትሮኩ (የፒስተኑ ጉዞ) 130 ሚሜ። ሌላ ሞተር የምትሠሩ ቅደም ተከተሉን ውሰዱ፣ ቁጥሮቹን ግን ከራሱ ማንዋል አውጡ። የዚህኛውም ቢሆን የቪቴዎቹ (የብሎኖቹ) ጥብቀት እንደ ሞተሩ ዓይነት ስለሚለያይ፣ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ጽፋችሁ የዚያኑ ሞተር ማንዋል ሳትይዙ ሥራ አትጀምሩ።

1. ከመፍታታችሁ በፊት

ባትሪውን ንቀሉ። ሞተሩ ሌሊቱን ይቀዝቅዝ።

ክራንኩ በእርግጥ መሰበሩን አረጋግጡ። ፊት ያለው ፑሊ ላይና ኋላ ቮላኖው (ከክራንኩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ፤ አንድ ሰው ፑሊውን በረጅም ቁልፍ ያወዛውዝ፣ ሌላው ቮላኖውን ይመልከት። አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ከዘገየ ወይም ጨርሶ ካልተከተለ ተሰብሯል። ሰያፍ የተሰበረ ክራንክ አንዳንዴ ጥርስ ለጥርስ ተያይዞ ስለሚዞር «ሞተሩ ይነሳልኮ» የሚል ሹፌር ቢመጣ አትታለሉ፤ ደግማችሁም አታስነሱት። እያንዳንዱ ዙር ብሎኩን እየበላ ነው።

ዘይቱን በንጹሕ ሳህን አውርዱ፤ በኮፓው (የታችኛው የዘይት ገንዳ) ቀዳዳ መጨረሻ የሚወጣውን ደግሞ ለብቻ ያዙ። አሽትቱት። ናፍታ ከሸተተና ከቀጠነ ነዳጅ እየገባበት ነበር። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ሁለቱም ብሮንዚን (ክራንኩ የሚዞርበትን ግማሽ ክብ ለስላሳ ብረት) ይጨርሳሉ። ያያችሁትን በወረቀት ላይ ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ፤ ደረጃ 3 ላይ ትፈልጉታላችሁ።

እነዚህ ሳይሟሉ አትፍቱ፦ ሞተሩን የሚችል ባለ ሰንሰለት ማንሻና ጽኑ ብረት፣ የሚሠራ ቶርክ ቁልፍ (ጥብቀት የሚለካ)፣ ከ75 እስከ 100 ሚሜ የሚለካ ማይክሮሜትር፣ የሲሊንደር መለኪያ፣ ዲያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ)፣ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለኩ ስስ ብረቶች)፣ ፕላስቲጌጅ (ሲጨፈለቅ ክፍተትን የሚያሳይ የፕላስቲክ ክር)፣ ረጅም የቀዳዳ ብሩሽ። ቶርክ ቁልፍና ማይክሮሜትር የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ መቀበል የለበትም፤ ተከራዩ፣ ተዋሱ። በእጅ ስሜት የተጠበቀ የሜን (ክራንኩ ብሎኩ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ) ቪቴ ሰው መንገድ ላይ ያስቀራል።

2. ማውጣትና መፍታት

ሞተሩ ከነጓዙ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ማንም ሰው፣ እጁም ቢሆን፣ ከተንጠለጠለ ሞተር ሥር አይግባ። ካምቢዮውን በክሪክ ደግፉት፤ ፍሪሲዮኑ ላይ ክብደቱን እንዲጥል አታድርጉ።

ቴስታታዎቹ (የሲሊንደር ክዳኖቹ) ለየሲሊንደሩ አንድ አንድ ሆነው ስድስት ናቸው። እያንዳንዱን ከመፍታታችሁ በፊት ቁጥር ጻፉበት፤ የግፊት ዘንጎቹንም በቁጥራቸው በካርቶን ላይ ሰኩ። ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) እና ካፑ ላይ ያለው ቁጥር በየትኛው ጎን እንደሚታይ ፎቶ አንሱ። የአንዱ ካፕ ለሌላው አይሆንም።

ብሮንዚኖቹን ስታወጡ አትጣሉ። ከጀርባቸው በማርከር «1 ላይ»፣ «1 ታች» እያላችሁ እስከ 7 ጽፋችሁ በተራ ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸው። ይህ ድርድር ከማንኛውም የኮምፒውተር ምርመራ በላይ ይናገራል፤ የትኛው ሜን ዘይት እንዳጣ፣ የትኛው በአንድ ጎኑ ብቻ እንደተበላ በዓይን ይታያል።

የዚህ ሞተር ብሎክ በክራንኩ መሐል መስመር ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የታችኛው ክፍል ሰባቱንም የሜን ካፖች በአንድ ላይ ይዟል። ሁለቱ አብረው የተቦረቦሩ ስለሆኑ አንዱ በሌላ አይቀየርም። ከሌላ ብሎክ የመጣ የታችኛ ክፍል ቢገጥምላችሁም አትግጠሙ።

3. ስብራቱን አንብቡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቀሪው ሥራ ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

የተሰበረውን ፊት በናፍታ እጠቡ፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ብርሃኑን ከጎን አብሩበት። ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ገጽ ታያላችሁ። አንዱ ለስላሳ ሆኖ እንደ ተቆረጠ ግንድ ክብ ክብ መስመር አለው፤ ይሄ ቀስ በቀስ የተሰነጠቀው ነው። ሌላው ሻካራ ሆኖ እንደ ተሰበረ አሞሌ ያብረቀርቃል፤ ይሄ በመጨረሻዋ ደቂቃ የተገነጠለው ነው። የክቦቹን መስመር ወደ ውስጥ ተከተሉ፤ የሚሰበሰቡበት ነጥብ ስንጥቁ የጀመረበት ቦታ ነው።

ስንጥቁ ከጆርናሉ (ብሮንዚኑ ውስጥ ከሚዞረው ክብ የክራንኩ ክፍል) ጥግ ከጀመረ፦ ክራንኩ ሲታጠፍ ነበር። ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ ጥጉ ላይ ያለው ራዲየስ በግራይንድ (ጆርናሉ በማሽን ተፈጭቶ ሲስተካከል) ጊዜ ተበላሽቶ እንደሆነ። ሁለተኛ፣ የሜን ቀዳዳዎቹ መስመር ስቶ ወይም የአንዱ ሜን ብሮንዚን ከሌሎቹ በላይ ተበልቶ እንደሆነ።

ከዘይት ቀዳዳ ጀምሮ ሰያፍ ከሄደ፦ ክራንኩ ሲጠመዘዝ ነበር። ፊት ያለውን ዳምፐር (የክራንኩን ንዝረት የሚያበርደውን) ተጠርጣሪ አድርጉ። ዳምፐሩ ውስጥ እንደ ማር የወፈረ ሲሊኮን አለ፤ ቆርቆሮው ከተጨፈለቀ ወይም ከጠርዙ ከፈሰሰ ሞቷል፣ አይጠገንም። ፑሊ ለማውጣት በመዶሻ የተመታ ዳምፐር ስንት ክራንክ እንደፈጀ እኔ ቆጥሬ አልጨረስኩም።

ጆርናሉ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነና ብሮንዚኑ ከተቀደደ፦ ዘይት ነው። የዘይት ፓምፕ፣ የመምጠጫ ቱቦው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የግፊት ቫልቭ፣ የዘይት ማቀዝቀዣ፣ የነዳጅ ወይም የውሃ መግባት፤ አንድ በአንድ ሂዱባቸው።

ክብ መስመር ሳይኖረው ሁለመናው ሻካራ ከሆነ፦ በአንድ ምት ነው የተሰበረው። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ወይም ናፍታ ተጠራቅሞ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑንና የሚያንጠባጥብ ኖዝል (ናፍታ የሚረጨውን) ፈልጉ።

ሹፌሩንም ጠይቁ፣ ሳትከሱት። ይህ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ እስከ 2200 ዙር ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ በተሳሳተ ማርሽ ሲወረድ ገዥው (የዙር መቆጣጠሪያው) ናፍታ ይቆርጣል እንጂ ጎማው ሞተሩን ከመጠን በላይ እንዳያዞረው ሊከለክል አይችልም። የዙር መቁጠሪያው ቀዩ ውስጥ ገብቶ ያውቅ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በፍሪሲዮን ፔዳል ላይ እግር እያሳረፈ የሚነዳ ሹፌር ደግሞ የክራንኩን የጎን ግማሽ ጨረቃዎች (ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዙትን) ይበላል።

አንድ ጊዜ ከጂቡቲ መንገድ ተጎትቶ የመጣ መኪና ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ክራንኩ። ባለቤቱ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ያያል። ስብራቱን አጥቤ በባትሪ እያበራሁ ጥፍሬን ከጆርናሉ ወደ ክንዱ ሳስኬድ ጥጉ ላይ ቀጥ አለ፤ ሳያቋርጥ ማለፍ ሲገባው ያዘው። ክብ መሆን የነበረበት ጥግ እንደ ሣጥን ማዕዘን ተፈጭቷል። የቀድሞውን ክራንክ ከጓሮው እንዲያመጣ ላክነው፤ ያም እዚያው ቦታ፣ ያው ማዕዘን። ሁለቱንም ግራይንድ ያደረገው አንድ ማሽን ቤት ነበር። ሰውየው ዝም ብሎ ብረቱን በእጁ ሲዳስስ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥፍሬን ሳላስኬድ ክራንክ ተቀብዬ አላውቅም፤ እናንተም አትቀበሉ።

4. የሚጣለውና የሚለካው

ሳታመነቱ ጣሉ፦ ሁሉንም ብሮንዚን፣ የቢየላ ቪቴዎችን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮንና ፓራዮሊዮ (የዘይት ማገጃ) በሙሉ፣ በስብራቱ በኩል ያለውን ቢየላ፣ የዘይት ማቀዝቀዣውን። ማቀዝቀዣው ላይ ብዙ ሰው ይከራከራል፤ ውድ ነው። ግን በጠባብ ቱቦዎቹ ውስጥ የተሰካ የብሮንዚን ብናኝ በምንም እጥበት ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ሞተሩ ሲሞቅ አንድ በአንድ እየለቀቀ አዲሱን ክራንክ ይበላል።

የዘይት ፓምፑን ፍቱት። ጥርሶቹና ቤቱ ጭረት ካላቸው ቀይሩ። ተርቦውን (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን) በጣታችሁ አወዛውዙ፤ ወደ ጎን ትንሽ መላላት ባሕርዩ ነው፣ ቢላዎቹ ቤቱን የሚነኩ ከሆነ ግን ወደ ተርቦ ሠሪ ይሂድ።

ክራንክ ሲሰበር ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ። የግፊት ዘንጎቹን በመስታወት ላይ አንከባሉ፤ የሚዘል ካለ ጎብጧል። ቴስታታዎቹን በናፍታ ሙሏቸው፤ በቫልቭ በኩል የሚያፈስ ከሆነ ተከፍቶ ይታይ።

የብሎኩ ፍርድ

የታችኛውን ክፍል ያለ ክራንክና ያለ ብሮንዚን ግጠሙና በሙሉ ቶርክ አጥብቁ። ሰባቱንም የሜን ቀዳዳዎች ከላይ ወደ ታችና ከጎን ወደ ጎን ለኩ። ሞላላ የሆነ፣ የጠቆረ ወይም ብሮንዚኑ ዞሮበት የተፋቀ ቀዳዳ ካለ ብሎኩ ለመስመር ቦረቦራ ወደ ማሽን ቤት ይሄዳል። ስንጥቅ ካለው ግን እዚህ ላይ ቁሙና ለባለቤቱ እውነቱን ንገሩት። ያገለገለ ጤነኛ ብሎክ መፈለግ ከሁለተኛ ስብራት ይሻለዋል።

ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ ሞተር ስለሆነ ካሚቻዎቹንም (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸውን ቱቦዎች) በሦስት ከፍታና በሁለት አቅጣጫ ለኩ። የላይኛው የፋሻ መዞሪያ ላይ ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ካለ ካሚቻና ፒስተን በአንድ ላይ ይቀየሩ። ወጪው ቢከብድም፣ ሞተሩ ተፈቶ ባለበት ካልተደረገ ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

5. እጥበት

አብዛኛው የድጋሚ ብልሽት የሚወለደው እዚህ ነው።

1. በብሎኩ ላይ ያሉትን የዘይት መስመር መዝጊያዎች በሙሉ አውጡ። «ይሄኛው አይወጣም» የተባለው ውስጥ ነው ብረቱ የሚገኘው።
2. የፒስተን ማቀዝቀዣ ቱቦዎቹን ፍቱ።
3. እያንዳንዱን መስመር በብሩሽና በሙቅ የሳሙና ውሃ ከሁለቱም ጫፍ ሩጡበት።
4. በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ በኮምፕረሰር ንፉ። የዓይን መከላከያ አድርጉ።
5. ነጭ ጨርቅ በሽቦ ላይ ጠቅልላችሁ አሳልፉ። ጨርቁ ግራጫ ከወጣ ወደ 3 ተመለሱ።
6. ወዲያው ዘይት ቀቡ፣ በፕላስቲክ ሸፍኑ።

የመንገዱ አቧራ ጋራዥ ውስጥ ይገባል። ከዚህ በኋላ በዚያው ክፍል ብረት መሞረድም ወለል መጥረግም ይቁም።

6. ክራንኩን መቀበል

አዲስም ይሁን ግራይንድ የተደረገ፣ «ተለክቷል» የሚል ቃል አትቀበሉ። የዚህ ሞተር ሜን ጆርናል በስታንዳርድ 100 ሚሜ፣ የቢየላው 82 ሚሜ አካባቢ ነው። ግራይንድ ከሆነ በ0.25 እየወረደ ይሄዳል፤ የጆርናሉ መጠንና ብሮንዚኑ ጀርባ ላይ የተመታው ቁጥር መግጠም አለባቸው። እያንዳንዱን ጆርናል በሁለት አቅጣጫና በሁለቱም ጫፍ ለኩ።

ጥፍራችሁን በየጥጉ አስኬዱ። የዘይት ቀዳዳዎቹ አፍ ስለታም ከሆነ አስመልሱ። ያገለገለ ክራንክ ከሆነ በማግኔት የስንጥቅ ምርመራ ሳያልፍ አትግጠሙ። ክራንኩን በሁለቱ ጫፍ ሜኖች ላይ በቪ ብረት አስቀምጣችሁ መሐሉን በዲያል ጌጅ አዙሩት፤ የጎበጠ ክራንክ እዚህ ይያዛል። ቀዳዳዎቹን ከውስጥ እጠቡ፤ የግራይንድ ዱቄት አለባቸው።

7. ክራንኩን መግጠም

1. የብሮንዚኑን ጀርባና መቀመጫውን በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ጀርባው ላይ ዘይት አይደረግም።
2. ቦይና ቀዳዳ ያለው ግማሽ ወደ ብሎኩ፣ ለስላሳው ወደ ታችኛው ክፍል። ቀዳዳው ከብሎኩ የዘይት ቀዳዳ ጋር መግጠሙን በዓይናችሁ እዩ። ይህን ያገለባበጠ ሞተር ያን ሜን ያለ ዘይት ያዞራል።
3. ክራንኩን ለሁለት ሰው ሆናችሁ ወይም በማንሻ አስቀምጡ። በሰባቱም ሜን ላይ ፕላስቲጌጅ አድርጉ፣ ያለ ማሸጊያ የታችኛውን ክፍል ግጠሙ፣ በሙሉ ቶርክ አጥብቁ። ክራንኩን አታዙሩ።
4. ፍቱና ለኩ። ለ100 ሚሜ ጆርናል ክፍተቱ ከ0.10 ሚሜ ብዙ የማይርቅ መሆን አለበት፤ ትክክለኛው ክልል ማንዋሉ ላይ አለ። አንዱ ሜን ብቻ ከወጣ መቀመጫውንና ብሮንዚኑን ድጋሚ ጥረጉ፣ እንደገና ለኩ።
5. ፕላስቲጌጁን አጽዱ፣ ጆርናሎቹን በዘይት አጥግቡ፣ የጎን ግማሽ ጨረቃዎቹን ቦያቸው ወደ ክራንኩ እንዲያይ አስገቡ።
6. በሁለቱ ክፍሎች መገጣጠሚያ ላይ ማንዋሉ የሚያዘውን ማሸጊያ በቀጭኑ ቀቡ። ወፍራም ሲሊኮን ወይም የተቆረጠ ጓርኒሲዮን አታስገቡ፤ መገጣጠሚያው ሲወፍር የሜን ክፍተት አብሮ ይሰፋል፣ ብሮንዚኑም ይላላል።
7. የሜን ቪቴዎቹን ከመሐል ወደ ጫፍ በሦስት ዙር አጥብቁ። የዳር ትናንሾቹ ከሜኖቹ በኋላ ናቸው።
8. ክራንኩን በእጅ አዙሩ። ከከበደ ቁሙ።
9. ዲያል ጌጅ ጫፉ ላይ አድርጋችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት። እንቅስቃሴው ከ0.1 እስከ 0.25 ሚሜ ውስጥ ይሁን።

ክራንኩ ከከበደ

ቪቴ እያላሉ «በሥራ ይለቃል» ማለት ሞተሩን መግደል ነው። ሜኖቹን ሁሉ አላሉና መሐለኛውን ብቻ አጥብቁ፣ አዙሩ፤ ቀጥሎ የሚቀጥለውን። የሚይዘው የትኛው ላይ ሲደርስ እንደሆነ ታገኛላችሁ። ከብሮንዚኑ ጀርባ ፀጉር የምታህል ቆሻሻ ወይም የተሳሳተ መጠን ያለው ግማሽ ይኖራል። ብሮንዚን በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅም፣ ካፕ አይሞረድም፣ ከሥሩም ወረቀት አይገባም። ሦስቱንም በአይኔ አይቻለሁ፤ ሦስቱም ተመልሰው መጥተዋል።

8. ፒስተንና ቢየላ

ፋሻውን ለብቻው ካሚቻ ውስጥ አስገብታችሁ የአፉን ክፍተት በፊለር ጌጅ ለኩ። ምልክት ያለው ፊት ወደ ላይ፤ አፎቹ በ120 ዲግሪ ይበታተኑ። የቢየላውን ቀዳዳ በካፑ ተጠብቆ ለኩ፤ ሞላላ ከሆነ አይገጠምም።

እያንዳንዱን ቢየላ ካጠበቃችሁ በኋላ ክራንኩን አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ። ስድስተኛው ላይ ደርሶ ከሚገኝ ጥፋት የመጀመሪያው ላይ የሚገኘው ይቀላል። የፒስተን ማቀዝቀዣ ቱቦዎቹን ስትመልሱ ጫፋቸው እንዳይታጠፍና ፒስተኑን እንዳይነካ በእጅ እያዞራችሁ ተመልከቱ።

9. ጊር፣ ቴስታታ፣ ቫልቭ

የጊሮቹን ምልክት አግጥሙ፣ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩና ድጋሚ እዩ።

ስድስቱን ቴስታታ በጣት ጥብቀት ብቻ አስቀምጡ። ከዚያ በማኒፎልዱ በኩል ቀጥ ያለ ብረት አስደግፋችሁ ፊታቸውን አሰልፉ፤ ማጥበቅ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ማኒፎልዱ አልገጥም ሲለው በጉልበት ይስበዋል፣ በሳምንቱም ይሰነጠቃል።

የእሳት ቅደም ተከተሉ 1-5-3-6-2-4 ነው። አንደኛው ሲሊንደር በመጭመቂያ ጫፍ ላይ ሳለ የ1፣ 2፣ 4 ማስገቢያና የ1፣ 3፣ 5 ማስወጫ ቫልቭ አስተካክሉ። አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ፤ የ3፣ 5፣ 6 ማስገቢያና የ2፣ 4፣ 6 ማስወጫ ቀጥሉ። በቀዝቃዛ ሞተር ማስገቢያ 0.30፣ ማስወጫ 0.40 ሚሜ፤ በቫልቭ በኩል የሞተር ፍሬን ያላቸው ግን የራሳቸው አሠራር አላቸው፣ ማንዋሉን ተከተሉ።

ዳምፐሩ አጠራጣሪ ከሆነ አዲስ ይሁን። የቮላኖ ቪቴዎችም አዲስ።

10. መጀመሪያ ማስነሳት

ፊልትሮዎቹን ዘይት ሙሉ። በተርቦው የዘይት መግቢያ ጥቂት ዘይት አፍስሱና በጣት አዙሩት። ናፍታውን ቁረጡና በሞተሪኖ ለ15 ሰከንድ አዙሩ፣ ሁለት ደቂቃ አሳርፉ፣ ድገሙ፤ የዘይት ጌጁ እስኪነሳ ድረስ። ጌጁ ካልተነሳ አታስነሱ፤ የመምጠጫ ቱቦውን ጓርኒሲዮንና የግፊት ቫልቩን ተመልከቱ።

አንድ ሰው የአየር ማስገቢያውን የሚደፍን ወፍራም ጣውላ ይዞ ይቁም። ሞተሩ ዙሩን ሳይቆጣጠር ከሄደ ማስገቢያውን በጣውላው ይድፈን፤ በእጅ ወይም በጨርቅ በፍጹም።

ሲነሳ በ10 ሰከንድ ውስጥ የዘይት ግፊት ካልታየ አጥፉ። ማንኳኳት ከተሰማም አጥፉ፤ «ትንሽ ይሥራና እንየው» አይባልም። ነጭ ጭስ ለጥቂት ደቂቃ ቢኖር አትደንግጡ፤ ከሞቀ በኋላ ከቀጠለና ራዲያተሩ ውሃ ከቀነሰ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፤ ውሃ ካልቀነሰ የናፍታ ፓምፑን ጊዜ አቆጣጠር ተመልከቱ።

11. ማላመድ

ሞተሩን ለሰዓታት በሚኒሞ (በዝቅተኛ ዙር) አታቁሙት፤ ፋሻው ሳይቀመጥ ካሚቻው ይለሰልስና ዘይት መጠጣት ይጀምራል። እንደሞቀ በቀላል ጭነት መንገድ ላይ አውጡት፣ ፍጥነቱን እየለዋወጣችሁ ንዱት። በመጀመሪያው 1000 ኪሎ ሜትር ሙሉ ጭነት አይጫንበት፣ አባይ በረሃም አይውረድ፣ ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ አይቃትት። ለባለቤቱ ይህን በጽሑፍ ስጡት፤ ብድር የሚከፍል ሰው በማግስቱ ጭነት መፈለጉ አይቀርም፣ ችግሩንም እንረዳለን፣ ግን ይህችን ሳምንት መታገስ አለበት።

ዘይቱንና ፊልትሮውን ከመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር በኋላ ቀይሩ። አሮጌውን ፊልትሮ በመጋዝ ሳይሆን በቆርቆሮ መቁረጫ ክፈቱት፤ መጋዝ የራሱን ብናኝ ይጨምርበታል። ወረቀቱን ዘርጉና በፀሐይ ላይ እዩት። ጥቂት ጥቁር ብናኝ የፋሻና የካሚቻ መላመድ ነው። እንደ መዳብ ቀላ ያለ ወይም እንደ ብር የሚያበራ ቅርፊት ካለ ግን መኪናው ከጋራዡ አይውጣ፤ ኮፓውን አውርዱ፣ አንድ ሜንና ሁለት ቢየላ ፍቱና ብሮንዚናቸውን እዩ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።